አርባ ሦስተኛዋ ተሰብሳቢ

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ሜትር» ነው የሚላቸው። ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቀው ጡረታ የሚከፍላቸው ክፍል ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ሠላሳ አንድ ዓመት በከተማው ፕላን መሥሪያ ቤት በቀያሽነት ሲያገለግሉ ያልረገጡት ጉድባ፣ ያልቸከሉበት ጥግ የለም። ቤታቸው ውስጥ አልጋ ሲዘዋወር እንኳ መጀመሪያ ይለካል። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ «እኔንም ሳይለካኝ አላገባኝም፤ በበሩ እንደማልፍ አረጋግጦ ነው» እያሉ ጎረቤቱን ያስቁ ነበር።

ጋሽ ሜትር ራሳቸው ብዙም አይስቁም። ለእሳቸው ነገር ወይ ልክ ነው ወይ ልክ አይደለም፤ መሐል ቤት የለም። ይህ ጠባያቸው ዕድገት አስቀርቶባቸዋል። የባለሥልጣን አጥር አንድ ክንድ ገፍቶ መንገድ ላይ ሲወጣ «እንዳላየህ እለፈው» ተብለው ያላለፉት ብዙ ነው።

ከሰፈሩ ግርጌ ሰፊ ረግረግ ነበር። ወጣት ሳሉ የላስቲክ ቦቲ አጥልቀው፣ እስከ ጉልበታቸው እየሰመጡ፣ ዙሪያውን የቸከሉት እሳቸው ናቸው። ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው። ከኮረብታው የሚወርደው የዝናብ ውሃ እዚያ ገብቶ ያርፋል፤ ደለሉን ያራግፋል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ወንዙ ይሾልካል። ይህንን ያየ ሰው ሌላ ነገር ሊጽፍ አይችልም። ካርታው ላይ አረንጓዴ ቀለም ቀቡት፤ በጠርዙም «ቤት አይሠራበትም፤ የውሃ ማረፊያ» ብለው በገዛ እጃቸው ጻፉበት። ካርታው ጸደቀ። ጎጆ ሲወጡም ቤታቸውን ከረግረጉ ፊት ለፊት ሠሩ፤ «ከፊቴ ማንም አይሠራም፣ ሕግ ነው» ብለው። ባለቤታቸው በመስኮት ወፎቹን ያዩ ነበር። የጎን ጎረቤታቸው ምንጣፍ ሠሪዋ ደግሞ ደንገሉን እያጨዱ አራት ልጆች አሳደጉበት።

ጋሽ ሜትር ልጅ አልወለዱም። የታናሽ እህታቸው ልጅ ግን እናቷ ስትሞት በስድስት ዓመቷ እሳቸው ቤት መጣች፤ እሳቸውን «ጋሼ»፣ ባለቤታቸውን «እትዬ» እያለች አደገች። ፊደል ያስቆጠሯት እሳቸው ናቸው። ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ስታጣ፣ ጋሽ ሜትር በሕይወታቸው ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ ሰው ተለማመጡ። በፕላን መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ተቀጠረች። ባለቤታቸው ኩላሊታቸውን ታመው ሲተኙም፣ ከሥራ በቀጥታ እየመጣች ያጠበቻቸው፣ ያጎረሰቻቸው፣ ጀርባቸው እንዳይቆስል ያገላበጠቻቸው እሷ ናት። እጇ ላይ ነው ያረፉት።

ከዚያ ሁለት ዓመት ያህል አለፈ። አንድ ማለዳ ጋሽ ሜትር መስኮታቸውን ሲከፍቱ፣ አንድ ገልባጭ መኪና ረግረጉ ውስጥ ቀይ አፈር ሲደፋ አዩ። በነጠላ ጫማቸው ወርደው ሾፌሩን አነጋገሩት።

«ልጄ፣ ተሳስተህ ነው። ይሄ የውሃ ቦታ ነው።»

«አባቴ፣ ውሃው ቀድሞን ገባ እንጂ ቦታውስ የመጋዘን ነው» አለና ሳቀ። በአገጩ ያሳያቸው አዲስ ሰሌዳ ላይ «የመጋዘንና የገበያ ማዕከል ግንባታ» የሚል ተጽፎ፣ ከሥሩ የፈቃድ ቁጥር ሰፍሮበታል።

በዚያው ቀን ልብሳቸውን ለውጠው የድሮ መሥሪያ ቤታቸው ሄዱ። መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ነው፤ ቧንቧዎች በጣሪያው ላይ ይሄዳሉ፤ በሲባጎ የታሰሩ ፋይሎች እስከ ላይ ተደርድረዋል። የእህታቸው ልጅ ከባንኮኒው ጀርባ ብድግ አለች።

«ጋሼ! ምነው በደህና?»

«የረግረጉን ፋይል ፈልጌ ነው።»

ፊቷ ዐመድ መሰለ። ወደ ኋላ ዞር ብላ ማንም እንደሌለ ካየች በኋላ ዘንበል አለችላቸው። «ጋሼ፣ ይቅርብህ። ሰዎቹ የሚቻሉ አይደሉም።»

«ልቻላቸው አልመጣሁም። ላነብ ነው።»

«አንብበህስ?»

«ልክ ከሆነ ቤቴ እገባለሁ።»

«ልክ ካልሆነስ?»

«ልክ ካልሆነማ ልክ አይደለም!»

የማመልከቻ ቅጽ ሰጠቻቸው።

ሦስት ማመልከቻና ስድስት ሳምንት ፈጅቶ የፋይሉ ቅጂ እጃቸው ገባ። ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግተው ከመጀመሪያው ገጽ ጀመሩ። የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት የሚለው ሰነድ ከሌላ ቦታ የተገለበጠ ለመሆኑ አዋቂ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም፤ ሃያ ስድስተኛው ገጽ ላይ «ግንባታው የዓሣ አስጋሪዎችን የጀልባ ማቆሚያ አይነካም» ይላል። በዚያ ሰፈር ጀልባ ያየ ሰው ቢፈለግ በቴሌቪዥን ያየ ነው የሚገኘው። ጋሽ ሜትር ገጹን አጥፈው ምልክት አደረጉና ቀጠሉ።

መጨረሻው ላይ ቃለ ጉባኤ አገኙ። ከነዋሪው ጋር ምክክር ተደርጎ፣ ስድሳ ሁለት ሰው ተገኝቶ፣ በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል ይላል። እንዲህ ያለ ስብሰባ በጆሯቸውም አልሰሙ። ከቃለ ጉባኤው ጋር የስም ዝርዝር ተያይዟል፤ ከየስሙ ጎን ፊርማ አለ። ጣታቸውን ከላይ ወደ ታች አስኬዱ። አንዱ ሰፈሩን ለቆ ከሄደ ቆይቷል። ሌላው ዓይነ ስውር ነው፤ በጣቱ እንጂ በብዕር ፈርሞ አያውቅም። አርባ ሦስተኛው ተራ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

የባለቤታቸው ስም ነበር። ከነአባታቸው ስም፣ ከነቤት ቁጥሩ። የስብሰባው ቀን ከቀብራቸው በኋላ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ነው።

ንዴቱ ወዲያው አልመጣም። ለአንድ አፍታ የተሰማቸው፣ የሚያሳፍር ቢሆንም፣ ደስታ የሚመስል ነገር ነበር፤ ያን ስም አዲስ ወረቀት ላይ ካዩ ስንት ጊዜያቸው! ቀጥሎ ጽሑፉን አስተዋሉ። የ«መ» ሁለት ክቦች አይገናኙም፤ የ«ረ» እግር ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ይህን የሚጽፍ እጅ በልጅነቱ በመዳፋቸው ይዘው፣ መስመር ላይ ያስኬዱት እሳቸው ናቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው እንደገና አደረጉ። ጽሑፉ አልተለወጠም። ስድሳ ሁለቱም ስም በእህታቸው ልጅ እጅ የተጻፈ ነው።

አልጠየቋትም። እሁድ ሲሆን እንደ ልማዷ መጣች፤ ልብሳቸውን አጠበች፤ አሰጣች፤ ሄደች። እሳቸውም «ብዙ ሰው እንዲህ ይጽፋል» አሉ ለራሳቸው። ያ አላሳምን ሲላቸው «ብትጽፍስ ታዝዛ ነው፤ ፍርድ ቤት አዛዡን እንጂ ታዛዡን አይዝም» አሉ። በሁለቱም ከልባቸው አላመኑም። ጠበቃ ጋ ለመሄድ ግን በቂ ሆኑላቸው።

ጠበቃዋ ወጣት ናት፤ ቢሮዋ ከፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ስለሆነ ከሥር የማሽኑ ድምፅ ይሰማል። ዝርዝሩን ስታይ ከወንበሯ ተነሣች።

«ጋሽ ሜትር፣ ይሄ ወርቅ ነው።»

«ሚስቴ ናት» አሏት።

«ይቅርታ።» ተቀመጠች። «አንድ ነገር ግን አሁኑኑ ልንገርዎት፣ ኋላ እንዳይቀየሙኝ። ፍርድ ቤቱ ረግረጉ ይሞላ ወይም አይሞላ ብሎ አይወስንም። ያ የመሥሪያ ቤቱ ሥልጣን ነው። ፍርድ ቤቱ የሚጠይቀው ‹ውሳኔው በሕጉ መንገድ ተሰጥቷል ወይ?› ብሎ ብቻ ነው።»

«መልሱ ሳይሆን ስሌቱ ነው የሚታረመው በይኛ።»

«እንደዚያ ነው። ስሌቱ ሐሰት ከሆነ ግን ውሳኔው ይሻራል።»

ጋሽ ሜትር ይህ ደስ አላቸው። ስሌት የሚያርም ዳኛ ካለ፣ መልሱም ተከትሎ ይስተካከላል ብለው አሰቡ። ዕድሜ ልካቸውን ያዩት እንደዚያ ነው፤ ልኬቱ ከተቃና ቤቱ ይቃናል።

አቤቱታው ላይ ሠላሳ ሰባት ጎረቤት ፈረመ። በሁለተኛው ወር «ማዕከሉ ሲያልቅ ለሰፈሩ ሰው ሱቅ ይሰጣል» የሚል ወሬ ተነዛ፤ ሰዉ አንድ በአንድ ስሙን ማስፋቅ ጀመረ። አንዳንዱ ጋሽ ሜትርን መንገድ ላይ ሲያይ ስልኩን ጆሮው ላይ ይለጥፋል። መጨረሻ ላይ የቀሩት እሳቸውና ምንጣፍ ሠሪዋ ናቸው።

«እርስዎስ ሱቁ አያምርዎትም?» አሏቸው ጋሽ ሜትር።

«ምን ልሸጥበት? ደንገሌን ቀብረው ሲያበቁ የአፈር ምንጣፍ ልሥራ?» አሉ ሴትዮዋ።

ሥራው ለጊዜው እንዲታገድ ጠበቃዋ በመጀመሪያው ቀን ነበር የጠየቀችው። መሥሪያ ቤቱ መልስ እንዲሰጥ ተቀጠረ። በቀጠሮው ቀን አልቀረበም፤ ሌላ ቀጠሮ ተሰጠ። በዚያኛው ዳኛዋ ሥልጠና ላይ ነበሩ። ቀጥሎ መዝገቡ ከሌላ መዝገብ ጋር ተቀላቅሎ ጠፋ፤ ተገኘ። ጋሽ ሜትር ከችሎት በተመለሱ ቁጥር የአፈሩ ጠርዝ ወደ ወንዙ ገፍቶ ያገኙታል። ወፎቹ መጀመሪያ ወደ አንድ ጥግ ተሰበሰቡ፤ ቀጥሎ እዚያም አልታዩም። የእግድ ትዕዛዙ በስድስተኛው ወር ሲወጣ ያልተሞላው ከአንድ የኳስ ሜዳ የማይበልጥ ነበር።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉ ምንጣፍ ሠሪዋ፣ ትዕዛዙ ሲነበብላቸው።

ዋናው ክርክር የተሰማ ቀን ችሎቱ ሞልቶ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ጠበቃ «ረግረጉ የአመልካች ርስት አይደለም፤ ምን አገባቸው?» ብሎ ጀመረ። ጠበቃዋ ክርክሩን ትታ ሁለት ወረቀት ብቻ አቀረበች፤ የስም ዝርዝሩንና የሞት ምስክር ወረቀቱን። ዳኛዋ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ረዥም ጊዜ አዩ። ከዚያ ጋሽ ሜትርን አስነሡ።

«ባለቤትዎ በስብሰባው ዕለት የት ነበሩ?»

«መቃብር ነበረች፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

አንድም ሰው አልሳቀም። የመሥሪያ ቤቱ ጠበቃ ከጀርባው ከተቀመጠው የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጋር ተንሾካሾከና ተነሣ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ምክክሩ ተደርጓል። ዝርዝሩ ላይ ጉድለት ካለ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ የግሏ ጥፋት ነው። መሥሪያ ቤቱም በእሷ ላይ አስፈላጊውን እርምጃ ይወስዳል።» ኃላፊው ከፊተኛው ወንበር ላይ፣ በሰው ልጅ ጥፋት እንደሚያዝን ሰው፣ ራሱን ነቀነቀ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ልጅቷ ተጠራች። ግራጫ ሹራብ ለብሳ ቆመች፤ ጋሽ ሜትርን አላየቻቸውም። ይኸው ኃላፊ ስሞቹን ከአሮጌ የስብሰባ ዝርዝር ገልብጪ ብሎ እንዳዘዛት ተናገረች። ዳኛዋ «የጽሑፍ ትእዛዝ አለሽ?» ሲሏት «የለኝም» አለች። «የሰማ ሰው አለ?» «የለም።» ይኸው ነበር ምስክርነቷ፤ ውሃ ጠጥቶ ብርጭቆ ለማስቀመጥ የሚበቃ ጊዜ አልፈጀም።

በዕረፍቱ ሰዓት ኮሪደሩ ላይ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ባለ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አገኟት። ከጎኗ ተቀመጡ።

«የእትዬን ስም ሳላስተውል ነው የጻፍኩት ብዬ አልዋሽህም» አለች መሬት መሬት እያየች። «አስተውያለሁ። ልዝለለው ብዬ ነበር፤ ቁጥሩ ይጎድላል አለኝ። አልገለብጥም ብል በማግሥቱ ደመወዝ የለኝም። በሳጥን ውስጥ ይቀራል፣ ማን ያነበዋል ብዬ ነው። ማንም አያነበውም እኮ ጋሼ! ከአንተ በቀር ማንም አያነብም።»

«ዐውቅ ነበር» አሉ ጋሽ ሜትር።

«ምኑን?»

«እጅሽን። ፋይሉን ያየሁ ቀን ነው ያወቅሁት።»

ቀና ብላ አየቻቸው። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ። «ዐውቀህ ነው የከሰስከው?»

«መሥሪያ ቤቱን ነው የከሰስኩት።»

«እሁድ እሁድ እየመጣሁ ልብስህን ሳጥብ ታውቅ ነበር?»

መልሳቸውን ሳትጠብቅ ቦርሳዋን አንሥታ ደረጃውን ወረደች።

ፍርዱ በአንድ ወር ውስጥ ተሰጠ። ምክክሩ በሕጉ መሠረት ስላልተደረገ፣ ጥናቱም ስለዚያ ቦታ ስላልሆነ ፈቃዱ ተሽሯል፤ መሥሪያ ቤቱ ጉዳዩን እንደገና፣ በሕጉ መንገድ አይቶ ይወስን ተባለ። ስማቸውን ያስፋቁት ጎረቤቶች ሳይቀሩ መጥተው የጋሽ ሜትርን ትከሻ መቱ። ምንጣፍ ሠሪዋ ግን ጠበቃዋን እጅጌዋን ያዙ።

«ልጄ፣ አፈሩን መቼ ነው የሚያነሡት?»

ጠበቃዋ ፍርዱን እንደገና ገለጠች፤ እዚያ እንደማታገኘው እያወቀች። «ስለ አፈሩ የሚል የለውም፣ እማማ። ያ ሌላ ክስ ነው።»

መሥሪያ ቤቱ በዚህ ጊዜ አንድ ነገር አላጓደለም። ማስታወቂያ በየግንቡ ተለጠፈ። ስብሰባው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተጠራ፤ በበሩ ላይ ሁለት ሠራተኞች ተቀምጠው የገባውን ሁሉ በመታወቂያ እያመሳከሩ አስፈረሙ። ጋሽ ሜትርም ፈረሙ። ድሮ የቀየሱበትን ካርታ ይዘው አርባ ደቂቃ ተናገሩ፤ ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ ስንት እንደሚሆን፣ ማረፊያ ሲያጣ የማን ቤት እንደሚገባ ቤት በቤት ጠቀሱ። ኃላፊው አላቋረጣቸውም። ሲጨርሱ አመሰገናቸው። «የጋሽ ሜትር አስተያየት በሙሉ ይመዝገብ» አለ፤ ተመዘገበ።

አዲሱ ፈቃድ በሦስተኛው ወር ወጣ። ጠበቃዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አነበበችላቸው። ነዋሪው በሚገባ ተማክሯል፤ ተቃውሞም ያቀረቡ ተደምጠዋል፤ ለዚህም የራሳቸው የአመልካቹ ፊርማ በመዝገቡ ላይ ይገኛል። ጥናቱ በአዲስ ባለሙያ ተሠርቷል። ባለሙያው ቦታውን በአካል ተገኝቶ አይቶ፣ ቀድሞ በአፈር የተሞላ በመሆኑ የረግረግነት ባሕርይ እንደሌለው አረጋግጧል።

«እነሱ ሞልተውት!» አሉ ጋሽ ሜትር።

«አዎ።»

«እና ይግባኝ?»

ጠበቃዋ ወረቀቱን አጠፈች። ከሥር ፎቶ ኮፒው ይሠራል። «አሁንማ ሁሉም በደንቡ ነው፣ ጋሽ ሜትር። የምይዘው ጆሮ የለውም።»

እርምጃ የተባለውም ተወሰደ። ልጅቷ ከሥራ ተባረረች፤ የሥራ ምስክር ወረቀቷ ላይ «በሰነድ ማጭበርበር» የሚል ስለተጻፈ ሌላ መሥሪያ ቤት ፊት አላሳያትም። ሌላ ሰፈር ክፍል ተከራይታ በአንድ ክሊኒክ በፅዳት ሠራተኛነት ገባች። ኃላፊው ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ተዛወረ፤ ጠረጴዛው ትልቅ ሆነ አሉ። ጋሽ ሜትር ልጅቷ ጋ ደጋግመው ደወሉ። ታነሣለች። «ደህና ነኝ» ትላለች፤ «አንተስ?» ትላለች፤ ከዚያ ስልኩ ይዘጋል።

ከባዱ ዝናብ የመጣው መጋዘኖቹ ጣሪያ ከለበሱ በኋላ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ኮረብታው ጠቆረ፤ ውሃው እንደ ልማዱ ወረደ፤ ማረፊያውን ፈለገ፤ ግንብ አገኘ፤ ተመለሰ። በአንድ ሰዓት ውስጥ የታችኛው መንገድ ቤቶች በሙሉ እስከ ጉልበት ገባባቸው። የሞተ ሰው የለም። ምንጣፍ ሠሪዋን ግን ልጃቸው መጥቶ ወሰዳቸው፤ እንቢ ሲሉ ተሸክሞ ነው ያወጣቸው። በማግሥቱ አንድ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ በየቤቱ ዞሮ ወረቀት አደለ፤ ነዋሪዎች የበራቸውን ደፍ ከፍ አድርገው እንዲሠሩ የሚመክር ነው።

ጋሽ ሜትር ወረቀቱን እንደያዙ ጭቃ ውስጥ ቆመው ሳሉ የእህታቸው ልጅ በበሩ ገባች። ማን እንደነገራት አላወቁም። ሰላምታዋ አጭር ነበር። ሱሪዋን ሰበሰበች፤ መጥረጊያና ባልዲ ያዘች፤ ውሃውን ከመኝታ ቤት ጀምራ ገፋችው። ወንበሮቹን አወጣች። የእትዬዋን ልብስ ከሣጥን ውስጥ አንድ በአንድ አውጥታ በንጹሕ ውሃ አለቀለቀችና ሽቦው ላይ ሰቀለች። እሳቸው «ተይው፣ ይደክምሻል» ቢሏት የሚቀጥለውን ልብስ አነሣች። ፍራሹን ለሁለት ተሸክመው አወጡት፤ ያን ጊዜ ብቻ በአንድ አፍ «አንድ፣ ሁለት» አሉ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እጇን ታጠበች። ጋሽ ሜትር ምግብ ሊያቀርቡላት ወደ ውስጥ ገቡ፤ ምድጃው ረጥቦ እምቢ አላቸው። ዳቦ ይዘው ሲወጡ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋለች።

«ልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አሏት። ለወራት ሲያጠኑት የከረሙት ንግግር ረዥም ነበር፤ አፋቸው ላይ የደረሰው ይህ ብቻ ሆነ።

ዳቦውን አየችው፤ አልተቀበለችም።

«ነገ ፍራሹን አገላብጠው ጋሼ» አለች፤ «አንደኛው ወገን ካልደረቀ ይሸታል።» ከዚያም በተቆለለው ጭቃ መሐል እግሯ የሚያርፍበትን እየመረጠች ወጣች።